ከመቶው ሰባቱን የጠጣው ምድጃ

ወንድሜ አልሲድ፣

ሰላምታውን ላስቀድም ብዬ ሦስት ወረቀት ጀመርኩ፤ ሦስቱንም ቀደድኳቸው። እጄ የሠራውን ሳልነግርህ በዚያው እጅ ሰላምታ መጻፍ አልሆንልህ አለኝ። ስለዚህ አራተኛውን እንዲህ ጀምሬዋለሁ። በ1976፣ ቅጠሉ በሚረግፍበት ወር፣ «ጣውላው የተቆጠረው ከማድረቂያው ምድጃ ከወጣ በኋላ ነው» የሚለውን ወረቀት የፈረምኩት እኔ ነኝ። ውሸት ነበር። የቆጠርኩት እርጥቡን ነው። አንተ እስከ ዛሬ የምታውቀው በዚያ ቀን ዝም ማለቴን ብቻ ነው። አንድ ጊዜ በገና ካርድህ ላይ «አንተማ ምን ታደርግ፣ ልጆች ነበሩህ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። ያንን ካርድ ከጸሎት መቁጠሪያዬ ጋር በአንድ መሳቢያ አኑሬዋለሁ፤ መቁጠሪያውን ላወጣ እጄን በሰደድኩ ቁጥር ያቃጥለኛል።

እንግዲህ ይህን አንብበህ ወረቀቱን ካልጣልከው፣ የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስህ። እንዴት ነህ ወንድሜ? ወገብህስ ከዚያ ከወደቅክበት ወዲህ ተሻለህ ወይ? ኢርማ እንዴት ናት፣ ስኳሯ ጋብ አለላት? ልጅህ ጊስላን ሁለተኛዋን ተገላገለች ሲባል ሰማሁ፤ እናትም ሕፃንም ደኅና ናቸው? ወንድ ልጅህስ ሉክ አሁንም በዚያ ከባድ መኪና ተራራ ለተራራ ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ በረዶ ሊመጣ ሲል ከራዲዮኑ ቀድሞ ይነግረኛል። ቤቱ እንዳለ ነው። ባለቤቴ ዜልያ ከሞተች አምስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እኔ ግን አሁንም ለእራት ሁለት ሳህን አወጣና አንዱን እመልሳለሁ።

ነገሩን አንተ ታውቀዋለህ። ሉክና ጊስላን ግን እንዲያነቡት ስለምፈልግ፣ ከኔ በኩል ያለውንም አንተ ስለማታውቀው፣ ከሥሩ እጽፈዋለሁ።

የኔ ሥራ በራንኩር መሰንጠቂያ ቤት ጣውላ መለካትና ደረጃ ማውጣት ነበር። ጠንካራዎቹ ዛፎች፣ ሜፕሉም በርቹም፣ ከመጋዙ ሥር ገና ውሃ እያዘለ ሲወጣ፣ የነሐስ ጫፍ ባለው የመለኪያ ዘንጌ እያገላበጥኩ እለካዋለሁ፣ በሰማያዊ ጠመኔ እመልክትበታለሁ፣ ካርዴ ላይ እጽፋለሁ። ከዚያ ማድረቂያው ምድጃ ይገባል። ከምድጃው ሲወጣ አንተ ጭነህ በድንበሩ ኬላ ታልፋለህ፣ አሜሪካኖቹም በማዶ ግቢያቸው የደረቀውን ይለካሉ። እንጨት ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ጠንካራው ጣውላ ከመቶ ሰባት፣ ክረምቱ እርጥብ ከሆነ ስምንት ያጣል። ስለዚህ እኛ መቶ ላክን ስንል እነሱ ዘጠና ሦስት መጣልን ይላሉ። ገዢዎቹ ይህን ያውቁት ነበር፤ ከአባቶቻቸው ጀምሮ እንዲያው ነው። ከማዶ ወደኛ የሚመጣው ኦክ የሚባለው እንጨት ግን እዚያው ደርቆ፣ ደርቆ ከተቆጠረ በኋላ ስለሚጫን፣ መቶ ካሉ መቶ ነው።

አንተ በዚያ ዓመት ትንንሽ ደን ያላቸውን ገበሬዎች እየሰበሰብክ «ለየብቻ አንሽጥለት፤ አንድ ላይ ሆነን እንሽጥ፤ ያኔ ራንኩር ባርኔጣውን አውልቆ ይገዛናል» ማለት ጀመርክ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያች ባርኔጣ ነው።

የመሰንጠቂያው ባለቤት ሙሴ ራንኩር ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። «ኤቫሪስት፣ የቆጣሪዎች አለቃ የሚሆን ሰው እየፈለግኩ ነው» አለኝ። ቀጥሎ ወረቀቱን አወጣ። «ወንድምህን ማንም አያስረውም። ሥራውን ብቻ ይለቃል። ለሱም ይሻለዋል፣ ምላሱ ረዝሟል።» ጠመኔዬን ከጆሮዬ ላይ ሳላወርድ ፈረምኩ። ልጆች እንደነበሩኝ እውነት ነው። ልጆቼ ግን አልተራቡም ነበር፣ አልሲድ። የፈረምኩት ለእንጀራ ሳይሆን አለቃ ለመባል ነው። ይህን ለራሴ ለማመን እንኳ ብዙ ዘመን ፈጅቶብኛል።

በማግስቱ በግቢው ምን እንደተባለ ታስታውሳለህ። ራንኩር ጣውላ ላይ ቆሞ «ሰዎች፣ እስቲ አስቡት! የእነሱ ኦክ ሲመጣ ሙሉ ነው፣ የኛ ሜፕል ሲሄድ ጎደሎ ነው። መንገዱ አንድ፣ ኬላው አንድ፣ መኪናው አንድ። መሐል ላይ ያለው ማን ነው?» አለ። ፀጉር ቆራጩ ኦኔዚም ከኋላ «መንገዱ ነዋ! ጉድጓዱ ብዙ ነው!» አለና ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን አልሳቅክም። ወደኔ ዞረህ «ኤቫሪስት፣ ንገራቸው። ቆጣሪው አንተ ነህ» አልክ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ እያየሁ «ወረቀቱ የሚለው ነው» አልኩ። ሦስት ቃል ናት። እንጨት እንደሚሟሽሽ በዚያ ግቢ ያልሰማ አልነበረም፤ የኔ ቆጠራ ከምድጃው በፊት መሆኑን ግን የምናውቀው ራንኩርና እኔ፣ ከኛ ሌላም ነፍሱን ይማረውና ምድጃውን የሚያነደው ሽማግሌው ናፖሊዮን ብቻ ነበርን። ኬላውን ተሻግሮ ገዢዎቹን የጠየቀም አልተገኘም። ምድጃው የጠጣውን እንጨት አንተ ሰረቅክ ተባለ። ከዚያ ወዲያ «ሰባት በመቶ መጣ፣ ሳንቃህን ደብቅ!» እያሉ ሲጠሩህ፣ አንድም መሰንጠቂያ ቤት አልቀጥርህ ሲል፣ ቤትህን ጭነህ እዚያ ሜፕል የሚባል ዛፍ ወደሌለበት የዓለም ጫፍ ስትሄድ፣ እኔ የአለቃ ኮት ለብሼ በመስኮት አየሁህ። እናታችንን ስንቀብርም አልመጣህም። ሰዉ «አፍሮ ነው» አለ። እኔም ዝም አልኩ።

ለዜልያም ነግሬአት አላውቅም። ነገር ግን ስማ። ራንኩር በየገናው ለአለቆቹ ሁሉ ቱርክ ዶሮ ይልክ ነበር። ዜልያ ያቺን ዶሮ አንድም ዓመት ምድጃችን ላይ ጥዳት አታውቅም። ሳትፈታት አንስታ ለጎረቤታችን ለባልቴቷ ትወስድላት ነበር። ለምን ብላት «አይዋጥልኝም» ትለኛለች፤ ሌላ ቃል የለም። ሃያ ሁለት ገና እንዲህ ሆነ። ሆስፒታል በተኛች በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዛ «ለአልሲድ ጻፍለት» አለችኝ። ስለ ሕመሟ እንድጽፍልህ መስሎኝ ጻፍኩልህ። አሁን ግን ሌላ መሆኑ ገብቶኛል። ታውቅ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ከሚያውቀኝ ሰው ጋር ኖሬ፣ ተደብቄ የኖርኩ መስሎኝ።

በየዐቢይ ጾሙ ተናዝዣለሁ። አናዛዤ በተለወጠ ቁጥር «በሐሰት ወረቀት ላይ ፈርሜአለሁ» እላለሁ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልጨምርም። ሦስት ቄሶች ፈቱኝ። እግዚአብሔር ግን እንዳልፈታኝ በሆዴ አውቀዋለሁ።

ሁለት ነገር ነው የቀሰቀሰኝ። ባለፈው ማርች ከሱቅ እንቁላል ገዝቼ ቤት ስደርስ አንዱ ጎድሏል። ተመልሼ ነገርኩ። ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ፣ ሃያ ዓመት እንኳ አይሞላትም፣ ሳቅ ብላ «አልሲድ አልፎበት ይሆናላ» አለችኝና ሌላ እንቁላል አመጣችልኝ። አልሲድ ማን ነው ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ እንጃ አባባ፣ አባባል ነው» አለች። አባባል ሆነሃል፣ ወንድሜ። በዚህች ከተማ ማንኛውም ነገር ሲጎድል ያለፈብህ አንተ ነህ፤ የሚሉትም አንተን ያላዩ ልጆች ናቸው። እንቁላሉን ሳልይዝ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የደብሩ ጉባኤ ደብዳቤ ደረሰኝ። በኦክቶበር የመጀመሪያው እሑድ የደብሩን አዳራሽ የቴሌስፎር ራንኩር አዳራሽ ብለው ሊሰይሙት ነው፤ የወለሉን ሜፕል የሰጠ እሱ ነውና። እኔም የረጅም ዘመን ሠራተኛው ስለሆንኩ «ደግነቱን በሚመለከት» ጥቂት ቃል እንድናገር ጠየቁኝ። «ደግነቱን» የምትለዋን አምስት ጊዜ ያህል አነበብኳት። ከዚያች ቀን ጀምሮ በውስጤ የገባውን ስሙን ልደብቅልህ አልፈልግም፤ ቂም ነው። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ በቤተ ክርስቲያን መካከል ተንበርክኬ እያሳልኩ ነበር።

በአውቶቡስ ወደ ሼርብሩክ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርኩ። ሁለቱ መንግሥታት በየዓመቱ የሚያትሟቸው የንግድ መጻሕፍት አሉ፤ በየኬላው ምን ያህል ጠንካራ ጣውላ እንደወጣ፣ ምን ያህል እንደገባ ይጽፋሉ። በኛ ኬላ የሚያልፈው ደግሞ ከሞላ ጎደል የራንኩር ብቻ ነበር። የኛ መንግሥት ላክሁ ያለውን በግራ፣ የእነሱ ተቀበልኩ ያለውን በቀኝ እየጻፍኩ፣ ስድስተኛ ክፍል እንዳቆመ ሰው በጣቴ እየቆጠርኩ ዓመት በዓመት አስተያየሁት።

መጀመሪያ ላይ ተሳሳትኩ። ከ1978 ወዲህ ያለው ላይ ስደርስ እኛ የላክነው ከመሬት ወድቆ፣ እነሱ የተቀበሉት ከላክነው አራት መቶ እጥፍ ሆነብኝ። ራንኩር በድብቅ ሲያሻግር ያዝኩት ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ልቤ ሲዘፍን ዋለ። ቤተ መጻሕፍቷን የምትጠብቀው ማዳም ጊልቤርት ከትከሻዬ በላይ አየችና «ሙሴ ቲቪየርዥ፣ ይህ እኮ በሜትር ኩብ ነው። እርስዎ በጫማ መለኪያ እያነበቡት ነው። መንግሥታችን መለኪያ መለወጡን አልነገሩዎትም?» አለችኝ። ሃምሳ ዓመት ጣውላ የለካሁ ሰው! ከማፈሬ በላይ ግን አንድ ነገር አስደነገጠኝ። ልቤ የዘፈነው ያንተ ንጽሕና ስለተገኘ አልነበረም። የሱን ኃጢአት ፍለጋ ላይ ስለነበርኩ ነው። ይህን ልብ በልልኝ፤ ወንድምህ እንዲህ ያለ ሰው ነው።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ውጤቱ ይኸውልህ፤ ከደብዳቤው ጋር ገልብጬ ልኬልሃለሁ። አንተ መኪናውን ከመያዝህ በፊት፣ ሽማግሌው ዊልፍሪድ በሚነዳበት ዘመን፣ ከኛ ከሄደው ከመቶ ሰባት ማዶ አይደርስም። አንተ በነዳህባቸው ስድስት ዓመታት ከመቶ ሰባት፣ አንዱን ዝናባማ ዓመት ስምንት አይደርስም። አንተ ከሄድክ በኋላስ? ንግዱ ራሱ አንድ ዓመት በግማሽ ወደቀ፣ ሌላ ጊዜ እጥፍ ሆነ፣ ሾፌሩ አራት ጊዜ ተለወጠ፤ ጎደሎው ግን ያው ከመቶ ሰባት ነው። አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንተ በአገሩ ጫፍ በካምሉፕስ ከተማ ሆነህ ጥድ ስትጭን፣ እዚህ በኬላችን ከመቶ ሰባት «ስትሰርቅ» ነበር። በ1989 ራንኩር ቆጠራው ከምድጃው በኋላ እንዲሆን አዘዘ፤ በዚያው ዓመት ሌባው እንደ ጉም ተነነ። ግራና ቀኙ ገጠመ። ከማዶ የሚመጣው ኦክ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው፣ ያኔም ራንኩር እንዳለው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የመንግሥታቱ መጻሕፍት ግን ሃያ ሰባት ዓመት እዚያ መደርደሪያ ላይ ጠርተው ተቀምጠው ነበር፤ የሚገልጣቸው ጠፋ እንጂ።

ከዚያ ወዲያ እውነቱን በወረቀት ለደብሩ ጉባኤ ማስገባት እችል ነበር። አባ ጋስቶን ያሉኝም ይህንኑ ነው። በኑዛዜ «አባ፣ ሰው ላዋርድ አስቤአለሁ» ስላቸው «በቀል የኔ ነው ይላል ጌታ፣ ኤቫሪስት» አሉኝ። «አውቃለሁ አባ፤ ግን ጌታ ይህን ሰው ሰማንያ ስምንት ዓመት በሙሉ ጥርሱ አቆየው» አልኳቸው። በመጋረጃው ውስጥ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ሰማሁ። «እውነቱን ተናገር፣ ማዋረዱን ተወው» አሉኝ። «ሁለቱን መለየት ብችል ኖሮ እርስዎ ዘንድ አልመጣም ነበር» አልኩና ሳልፈታ ወጣሁ።

የአባታችንን ትልቁን ሜፕል ታስታውሰዋለህ፣ ለሽሮፕ ጣፋጭ ውሃውን ለመቅዳት የምንበሳውን። በ1998ቱ የበረዶ ማዕበል ግንዱ ተሰንጥቆ እስካሁን ቆሞ ነበር። በዚህ ዓመት አፕሪል ላይ አስቆርጬ ወደ መሰንጠቂያው አስወሰድኩት። ራንኩር አሁንም በየጠዋቱ ከዘራውን ይዞ ወደ ግቢው ብቅ ይላል። በኛው የቆጣሪ ሥራ እንደጀመረ ስለሚኮራበት የድሮ የመለኪያ ዘንጉን ከእጁ አይለይም። ከመጋዙ ሥር አንድ ሰፊ ሳንቃ፣ ገና ውሃ የሚያንጠባጥብ፣ አንስቼ «ሙሴ፣ ይህ ለአዳራሹ መታሰቢያ ይሆናል፤ በእጅዎ ይለኩልኝ» አልኩት። ዓይኑ በራ። ዘንጉን በወርዱ ላይ አሳረፈና «አስራ አራት ኢንች፣ ሙሉ!» አለ። ጠመኔዬን አቀበልኩት፤ አስራ አራት ብሎ ጻፈ፣ ስሙን ፈረመ። «ቀኑንም ይጨምሩበት፣ ሙሴ» አልኩት። «ኤቫሪስት፣ በስተርጅና ውል አዋዋይ ሆንክሳ!» ብሎ ሳቀብኝ፤ ቀኑንም ጻፈ። እኔም ሳቅኩ። አልሲድ፣ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። እሱ እኔን እንዳስፈረመኝ እኔም አስፈረምኩት።

ሳንቃውን በጋውን ሙሉ ጥላ ሥር አደረቅኩት፤ በኦገስት ማድረቂያው ምድጃ አስገባሁት። ሲወጣ ለካሁት። ስንት እንደሆነ ለማንም ሳልናገር በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአልጋዬ ሥር አስተኛሁት፤ እስከ እሑድ ድረስ በላዩ ላይ ተኛሁ።

የእሑዱን ከመጻፌ በፊት ሰላምታዬን ልጨርስ፤ ከዚያ በኋላ እጄ ለሌላ ነገር የሚሆን አይመስለኝም። ኢርማን በጣም አድርገህ ሳምልኝ፤ ያኔ ዕቃ ስትጭኑ ዳቦ ጋግራ ለልጆቼ ትታላቸው የሄደች ሴት ናት፣ ምንም ሳታውቅ። ዳቦዋን ስበላ አላነቀኝም፤ ይህንንም ንገራት። ጊስላንን፣ ባሏን፣ ሁለቱን ሕፃናት ሳምልኝ። ሉክን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ ትምህርት ቤት በር ላይ በአባቱ ስም ሲሰድቡት ተደባድቦ ጥርሱ እንደወለቀ ሰምቼ ነበር፤ ያች ጥርስ በኔ ላይ ናት በለው። የኔዎቹ ደኅና ናቸው፤ ትናንት ሁሉንም ነገር ነገርኳቸው። ትልቁ ሳያናግረኝ ወጣ፤ ታናሿ አለቀሰች፤ ሁለቱም ሰላም ብለውሃል። ይቅር በለኝ አልልህም። እሱን የምትልም የማትልም አንተ ነህ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ባቄላው፣ የሥጋ ቂጣው፣ ኬኩ፣ ሁሉም ተደርድሯል። ስሙ የተቀረጸበት ሰሌዳ በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳው ላይ ይጠብቃል። ማይክራፎኑን የያዘው ማን ይመስልሃል? ኦኔዚም ነው፤ ሰማንያ ሞልቶት አሁንም ምላሱ አልደረቀም። «አሁን ደግሞ የሙሴ ራንኩር ቀኝ እጅ፣ ኤቫሪስት ቲቪየርዥ! አደራ አጭር አድርገው፣ ኬኩ ዓይን ዓይናችንን እያየ ነው!» አለ። ብርድ ልብሱን ታቅፌ ስወጣ «ምን ይዘህ መጣህ፣ ሬሳ ነው?» አለኝና ሰው ሳቀ። «ሃያ ሰባት ዓመት ያደረ» አልኩት።

ሳንቃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩት። «ሙሴ ራንኩር፣ እንደ ድሮው አንዴ ይለኩልን፤ ወጣቶቹም ይዩ» አልኩ። ተጨበጨበ። ከዘራውን ለምራቱ ሰጥቶ ዘንጉን ይዞ ቀጥ ብሎ መጣ፤ ኦኔዚም ማይክራፎኑን አፉ ሥር ያዘለት። ለካ። አንገቱን አዘነበለ። እንደገና ለካ። «አስራ ሦስት» አለ። በላዩ ላይ የተጻፈው ስንት ነው አልኩት። «አስራ አራት።» ፊርማው የማን ነው? «የኔ ነው እንጂ የማን ይሆናል!» እንግዲያው አንዷን ኢንች ማን ሰረቃት አልኩት። ያን ጊዜ ቱግ አለ፤ ታውቀዋለህ፣ በሥራው ሲመጡበት አይችልም። «ማን ይሰርቃታል! የለካሁት እርጥቡን ነው፣ አሁን ደርቋል! ከአስራ አራት አንድ፣ ከመቶ ሰባት፣ ምድጃው ይጠጣዋል! ይህን የማያውቅ ቆጣሪ አለ?» ብሎ በማይክራፎኑ ጮኸ።

አዳራሹ ወዲያው አልገባውም። ከፊት ያሉት ሽማግሌዎች ቀድመው እርስ በርስ ተያዩ፤ መተያየቱ ከረድፍ ወደ ረድፍ ወደ ኋላ ሄደ። ከመቶ ሰባት። በዚህች ከተማ ያቺን ቃል የማያውቅ የለም። ራንኩርም ከአፉ የወጣውን መልሶ ሲሰማ፣ እጁ ወንበር ሲፈልግ አየሁት፤ ወንበሩን አላቀረብኩለትም። ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ ከዊልፍሪድ ዘመን ጀምሬ ዓመት በዓመት አነበብኩላቸው፤ እኛ የላክነውን፣ እነሱ የተቀበሉትን፣ አንተ ከሄድክ በኋላም የጎደለውን። ማንም ኬክ አልቆረሰም። ኦኔዚም ማይክራፎኑን እንደያዘ ቀረ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ። በመጨረሻ «አልሲድ ቲቪየርዥ አንድ ሳንቃ አልሰረቀም። የሐሰቱን ወረቀት ያዘጋጀው እሱ ነው፤ የፈረምኩት እኔ ነኝ» አልኩ። ደስ አለኝ ወንድሜ። ልዋሽህ አልችልም፤ ሽማግሌው ወንበር እንዳጣ እያየሁ ደስ አለኝ። ይህንንም ለአባ ጋስቶን እናዘዘዋለሁ፤ ገና ግን አይደለም።

ከዚያ ጠመኔዬን ከጆሮዬ ላይ አወረድኩ። በሳንቃው ላይ ከሱ ፊርማ ጎን የራሴን ስም ጻፍኩ። ለበሰበሰ እንጨት የምናሰምራትን መስቀለኛ ጭረት ታውቃታለህ፤ አንዴ ከተሰመረች ሳንቃው ከክምሩ ይወጣል። ሁለት መቶ ሰው እያየ መጀመሪያ በኔ ስም ላይ አሰመርኳት፣ ቀጥሎም በሱ ስም ላይ።

ታላቅህ
ኤቫሪስት

ሳንት-ኦርቴንስ፣ ኩቤክ
ኦክቶበር 7 ቀን 2003